የኩብራ እጅ

መተማ ዮሐንስ ላይ ሴት ልጁን የሚድር ሰው የሠርጉን ቀን ከመቁረጡ በፊት ሳቢራን ያስጠይቃል። ሳቢራ ሂና ሠሪ ናት። ሌሎችም አሉ፤ በተለይ ሱዳን ውስጥ ጦርነቱ ከተነሣ ወዲህ ድንበር ተሻግረው የመጡ ባለሙያ ሴቶች ከተማው ውስጥ ሞልተዋል። ቢሆንም ሰው እሷን ለምዷል። ቤቷ ከመስጊዱ ጀርባ ነው። ግቢዋ ውስጥ አንድ ትልቅ የኒም ዛፍ አለ፤ የምትሠራው እሱ ሥር፣ ሙሽራዋን የገመድ አልጋ ላይ አስቀምጣ ነው። ፀሐይዋ ስትዞር አልጋውን ከነሙሽራዋ ወደ ጥላው ይጎትቱታል።

ሙያውን ያስተማረቻት ሐጃ ዋሲላ የምትባል ሱዳናዊት ናት። ዋሲላ ከድልድዩ ማዶ፣ በሱዳን በኩል ባለችው ገላባት ትኖር ነበር። ሳቢራ ልጃገረድ ሳለች ጠዋት ተሻግራ የዋሲላን ሂና ስትነፋና ስታቦካ፣ ዋሲላ ስትሠራም አጠገቧ ቁጭ ብላ ስታይ ትውልና ማታ ትመለስ ነበር። ዋሲላ በቃል አታስተምርም። ሳቢራ ስትሳሳት እጇን ቀስ አድርጋ መታ ታደርጋታለች፤ በቃ፣ ትምህርቱ እሱ ነው። ጦርነቱ ሲመጣ ገዳሪፍ ልጇ ዘንድ ሄደች ተባለ፤ ከዚያ በኋላ ስልኳ አልጠራም አለ። ሳቢራ ግን ቁጥሩን አላጠፋችውም። አንዳንዴ ትሞክረዋለች።

መጂዳ የመጣችው ሰሊጥ በሚታጨድበት ሰሞን ነው። ከተማው ከደጋ በወረዱ የቀን ሠራተኞች ተጨናንቋል፤ መኪኖች ሰሊጥ ጭነው ሲያልፉ አቧራው እስከ ግቢው ይገባል። መጂዳ የሐጂ አብዱረሕማን ልጅ ናት። አባቷ ገበያው መሀል ጨርቃ ጨርቅና የሱዳን ሴቶች የሚጠቀለሉበትን ቶብ ይሸጣሉ፤ እሷም ጎንደር ኮሌጅ ተምራ ከተመለሰች ወዲህ ሱቁን ከእሳቸው ጋር ትይዛለች። አብርሃ ጅራ ላይ የትራክተር መለዋወጫ ለሚነግድ በሽር ለሚባል ሰው ታጭታለች፤ ሠርጉም ተቃርቧል።

«እትየ ሳቢራ፣ እንዲህ ያለ ይሠሩልኛል?» አለችና ስልኳን ዘረጋችላት።

ስልኩ ላይ የሴት እጅ ይታያል። ጠይም፣ ለስላሳ፣ ከጣቶቹ ጫፍ እስከ አንጓው በሂና የተሞላ። ሳቢራ ወደ ዓይኗ አስጠጋችው፤ ከዚያ አራቀችው፤ ከዚያ የራሷን እጅ አጠገቡ ዘርግታ አስተያየችው።

«የማን እጅ ነው?»

«የማንም አይደለም። ኤአይ የሚሉት ነው የሠራው። የምፈልገውን እየጻፍሁ እነግረዋለሁ፣ እሱ ይስላል።»

«አውቀዋለሁ። በቀደምም አንዷ ይዛ መጥታ ነበር። እስኪ ጣቱን ቁጠሪው።»

መጂዳ በጣቷ እየጠቆመች ቆጠረች። ስድስት ሆነ።

«ስድስተኛውን ከየት ላምጣልሽ?»

መጂዳ ሳቀች። ሳቢራ ግን አልሳቀችም። ቅር ያላት የጣቱ ነገር ብቻ አልነበረም። ድሮ ሙሽራ መጥታ እጇን ትሰጣታለች፤ ሳቢራ እጁን ታገላብጣለች፣ ስፋቱን ታያለች፣ ጣቱ አጭር ከሆነ የሚያስረዝመውን፣ አንጓው ወፍራም ከሆነ የሚያቀጥነውን አስባ ትጀምራለች። አሁን አሁን ግን ሙሽሮቹ ስልክ ይዘው ነው የሚመጡት። ስትሠራ ስልኩን ከፊቷ ደቅነው «እዚህ ጋ ትንሽ ጎደለ» ይሏታል። ማባዣ ማሽን የሆነች ይመስላታል።

«ይኸ መስመር ከዚህ ይነሣና የትም አይደርስም» አለች ወደ ስልኩ እያመለከተች። «ይኸ ደግሞ ጽሑፍ ይመስላል፤ ግን ዐረብኛም አይደል፣ አማርኛም አይደል። እኔ የማላውቀውን ነገር ሙሽራ እጅ ላይ አልጽፍም።»

መጂዳ ስልኳን ተቀብላ ተነሣች። ነጠላዋን አስተካክላ ወደ በሩ ጥቂት ከተራመደች በኋላ ዞር አለች።

«ብዙ የለፋሁበት ነው» አለች።

«ስልኩ ነው እንጂ አንቺ ምን ለፋሽ?»

ሳቢራ ይኸን ብላ ሳትጨርስ ተጸጸተች። የልጅቷ ዓይን እንባ አቅርሮ ነበር። አልጋው ላይ ጎኗን መታ መታ አድርጋ «ነይ፣ ተቀመጪ» አለቻት። «ምን ብለሽ ነው የጠየቅሽው?»

መጂዳ ተቀመጠች። አንዴ ቀስ ብላ፣ አንዴ ደግሞ ፈጠን ብላ ነገረቻት። እናቷ ኩብራ የሞተችው መጂዳ ገና ፊደል ስትቆጥር ነው። ያሳደገቻት የአባቷ እናት ነበረች፤ እሷም ካረፈች ቆይታለች። ከእናቷ የቀረላት አንድ የመታወቂያ ፎቶ ብቻ ነው።

«ፎቶው ላይ ያለው ፊቷ ነው» አለች። «እኔ ደግሞ ፊቷን አላስታውሰውም። የማስታውሰው እጇን ነው። አጠገቧ ስተኛ እጇን እያየሁ ነበር እንቅልፍ የሚወስደኝ። ካውራ ጣቷ ሥር አንድ ሐረግ ይነሣል፤ ወደ አንጓዋ ይወርዳል፤ ላዩ ላይ እንደ ሰሊጥ ፍሬ ያሉ ነገሮች አሉት። ሌላው ጠፍቶኛል። እሱን ነው የነገርሁት።»

«ከዚያስ?»

«እኔ መሳል አልችልም። ትምህርት ቤት ሳለን የቤት ሥዕል ስሥል ጣሪያው ይንጋደድብኝ ነበር፤ ልጆቹ ይሥቁብኝ ነበር። ይኸ ግን አይሥቅብኝም። ቀጭን አድርገው ስለው ያቀጥነዋል። ፍሬውን አሳንሰው ስለው ያሳንሰዋል። ሱቅ ውስጥ ደንበኛ ሳይኖር፣ ኔትወርኩ ሲመጣልኝ ቁጭ እላለሁ። እትየ ሳቢራ፣ ውስጤ ያለውን ነገር አውጥቼ ያየሁት ለመጀመሪያ ጊዜ ነው። እናቴ ጋ ተቀምጬ የዋልሁ ያህል ነበር።»

ሳቢራ የራሷን እጅ አየች። እሷ መሳል ያልቻለችበትን ጊዜ አታስታውስም። እጇ ያሰበችውን ሳይሠራላት ቀርቶ አያውቅም፤ የማይሠራለት ሰው ምን እንደሚሰማው አስባም አታውቅም ነበር።

«ለእናትሽ ሂና ትሠራላት የነበረችው ያስተማረችኝ ዋሲላ ናት» አለች በመጨረሻ። «ያኔ የከተማው ሴት ሁሉ ዋሲላን ነበር የሚያሠራው።»

«የእናቴን አይተውት ያውቃሉ?»

«የለም፤ ያን ጊዜ አግብቼ ባሌ ጋ ገለጉ ከተማ ነበርሁ። ዝናብ ሲጥል መንገዱ ይቆረጣል፤ ዓመት ሙሉ መተማን የማላይበት ጊዜ ነበር። ግን የዋሲላን ሐረግ አውቀዋለሁ። የሚነሣው ከትንሿ ጣት ነው። ካውራ ጣት ሐረግ አስነሥታ አታውቅም፤ እጅን ለሁለት ይከፍለዋል ትላለች።»

«እኔ የማስታውሰው ካውራ ጣቷ ነው።»

«ልጅ ነበርሽ። ንገሪው እስኪ፣ ከትንሿ ጣት ያስነሣው።»

መጂዳ ጻፈች። ጥቂት ጠበቁ፤ ምስሉ ከላይ ወደ ታች ቀስ እያለ ተገለጠ። ጣቶቹ አሁን አምስት ናቸው። ሐረጉ ከትንሿ ጣት ተነሥቶ የእጁን ጀርባ አቋርጦ ወርዷል፤ ቅጠሎቹ ሁለት ሁለት ሆነው ሚዛናቸውን ጠብቀዋል። ሳቢራ ወደ ስልኩ ጎንበስ አለች። ዋሲላ በሌለችበት የዋሲላን ሐረግ የሚመስል ነገር ስታይ የመጀመሪያዋ ነው። በእርግጥ የዋሲላ አይደለም፤ ቅጠሉ ወፍራም ነው፣ ጠመዝማዛው ይበዛል። እሷም «ቅጠሉን ያሹለው» አለች። አሾለው። «መሀሉን ባዶ ይተወው።» ተወው። ጥላው ሸሽቶ ፀሐይ እግራቸው ላይ እስክታርፍ ድረስ ሁለቱም አልጋውን መጎተት ረሱ።

እየቆየ ግን ሳቢራ አንድ ነገር አስተዋለች። መጂዳ ካውራ ጣት ስትለው ስልኩ «ግሩም ሐሳብ ነው» ብሎ ካውራ ጣት ያስነሣል። ሳቢራ ከትንሿ ጣት ብላ ስታስጽፍ ለእሷም «ግሩም ሐሳብ ነው» ይላል። ሁለቱንም አሳምሮ ይሠራል።

«ይኸ ነገር ማንንም አይቃወምም እንዴ?» አለች።

መጂዳ ስልኩን ጉልበቷ ላይ አስቀምጣ ዓይኗን ጨፍና ነበር።

«ምን ሆንሽ?»

«እትየ ሳቢራ፣ የእናቴ እጅ ጠፋብኝ» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ከመጀመሬ በፊት ደብዘዝ ብሎም ቢሆን ይመጣልኝ ነበር። አሁን ዓይኔን ስጨፍን የሚመጣው ስልኩ ላይ ያለው ነው። የቱ የእሷ፣ የቱ የዚህ እንደሆነ መለየት አቃተኝ።»

ሳቢራ ስልኩን አነሣችና ፊቱን ወደ ታች አድርጋ አልጋው ላይ አስቀመጠችው። ሌላ ምን እንደምታደርግ አላወቀችም። ዋሲላ ብትኖር ጠይቀው ይገላገሉ ነበር። በልማድ የራሷን ስልክ አውጥታ ደወለች፤ የደወሉላቸውን ደንበኛ ማግኘት አይቻልም የሚለውን የተቀዳ የሴት ድምፅ ሰምታ ዘጋችው።

«አባትሽን ጠይቀሻቸው ታውቂያለሽ?»

«አባየ ስለ እናቴ አያወሩም። ስሟን እንኳ ሲጠሩ ሰምቼ አላውቅም። ማንሣት እፈራለሁ።»

«አብሬሽ ልሂድ?»

መጂዳ ብዙ ካሰበች በኋላ እሺ አለች።

ሱቁ የደረሱት ከዐሥር ሰላት በኋላ ነው። ሐጂ አብዱረሕማን ከስግደት ተመልሰው ያልተሸጡ ቶቦችን መልሰው እያጣጠፉ ነበር። ረጅም፣ ቀጭን፣ ንግግር የማያበዙ ሰው ናቸው። ሳቢራን ሲያዩ ወንበር አቀረቡላትና የከርከዴ ሻይ አስመጡላት። የሠርግ ነገር መስሏቸው ነበር። ለመጂዳ ብላ ሳቢራ ነገሩን ጀመረች።

«ሐጂ፣ መጂዳ የእናቷን ሂና ማሠራት ትፈልጋለች። እኔ አላየሁትም። አንቱ የሚያስታውሱት ነገር ካለ ብለን ነው።»

የሰውየው እጅ ቶቡ ላይ ቆመ። መጂዳ ስልኩን ከፍታ ጠረጴዛው ላይ አኖረችላቸው። መነጽራቸውን አድርገው፣ ጎንበስ ብለው አዩት። ከትንሿ ጣት የሚነሣውን አዩ፤ መጂዳ በጣቷ ገፋ ስታደርገው ካውራ ጣት የሚነሣውን አዩ።

«ያምራል» አሉ። «የኩብራ ግን አይደለም።»

መጂዳ የእናቷን ስም ካባቷ አፍ ስትሰማ ጠረጴዛውን ያዝ አደረገች።

«የኩብራ ጠማማ ነበር» አሉ ሐጂ። «እንዲህ ቀጥ ያለ ነገር አልነበረውም። የሰከረ ሰው የሄደበት መንገድ ነው የሚመስለው።»

ይኸን ብለው ሊቀጥሉ ሲሉ አንድ የቀን ሠራተኛ ገባ። ፀጉሩ ላይ የሰሊጥ ገለባ እንዳለ ነው፤ ባነጋገሩ ጎጃሜ ነው። ወደ አገሩ ሊመለስ ስለሆነ ለሚስቱ ነጠላ ፈልጎ ነበር። አንዱን አንሥቶ፣ ሌላውን አንሥቶ፣ ጥለቱን እያየ ብዙ አማረጠ። ሐጂ ሳይቸኩሉ አስተናገዱት። አረንጓዴ ጥለት ያለውን አጥፈው በፌስታል አድርገው ሰጡት፤ ለመንገዱም መረቁት። ሰውየው ሲወጣ ሳይጠየቁ ካቆሙበት ቀጠሉ።

«ዒድ ሊደርስ ሲል ዋሲላ ቤት መጥታ ነበር። ኩብራ እጇን ትራስ ላይ ዘርግታ፣ እንዳትንቀሳቀሺ ተብላ ተቀምጣለች። አንቺ ገና መዳህ ጀምረሻል። እኔ በሩ ላይ ነበርሁ፤ አይቼሽ ነበር፣ ግን አልደረስሁብሽም። ሄደሽ የእናትሽን አውራ ጣት ይዘሽ ጎተትሽ። ሂናው ካውራ ጣቷ ሥር እስከ አንጓዋ ተዝረከረከ። ዋሲላ በዐረብኛ ያላለችው ነገር የለም። ልትጠርገው ጨርቅ ስታነሣ ኩብራ፣ ተይው፣ የልጄ ነው አለቻት። ትሥቃለች። ዋሲላም እየተቆጣች ዝርክርኩን ሐረግ አደረገችው፤ ጎንና ጎኑ ላይ ፍሬ ፍሬ ሠራችበት።»

ሐጂ መነጽራቸውን አወለቁ።

«ከዚያ ወዲያ በየዒዱ ያንኑ ነበር የምታሠራው። ዋሲላ ጠማማ መሥራት ያስጠላታል፤ ግን እምቢ አትላትም። ያውራ ጣቱ ነገር ልክ ነው። አንቺ ነሽ የሠራሽው።»

መጂዳ ዓይኗን ካባቷ ፊት ሳታነሣ፣ «ለምን ነግረውኝ አያውቁም?» አለች።

«ጠይቀሽኝ አታውቂም። ባትጠይቂኝ ደግሞ ይሻለኝ ነበር» አሉ። «ዛሬም ምን ትመስል ነበር ብትዪኝ ምንም የሚመጣልኝ አይመስለኝም። ይኸን ሳየው ነው፣ እንዲህ እንዳልነበረ ሳይ ነው ያ ቀን የመጣብኝ።» ወደ ስልኩ አገጫቸውን ቀና አደረጉ። «ማን ነው የሣለው?»

መጂዳ ስለ ኤአይ ልታስረዳቸው ሞከረች። በጽሑፍ እንደሚጠየቅ፣ ብዙ የሰው ሥዕል አይቶ እንደተማረ፣ ሰው እንዳልሆነ ነገረቻቸው። ሐጂ አዳምጠው፣ ራሳቸውን ነቀነቁና ወደ ቶቦቻቸው ተመለሱ። ሳቢራ ከርከዴዋን ጨርሳ ተነሣች። በሩ ላይ ስትደርስ «ያውራ ጣቱን ልክ ነሽ» አለቻት መጂዳን። «ዋሲላን ከማንም የበለጠ የማውቃት ይመስለኝ ነበር።»

ሂናው የተቀባው ሠርጉ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ከቀትር በኋላ ነው። የሳቢራ ግቢ በሴት ተሞላ። የበሽር እህቶች ካብርሃ ጅራ መጥተዋል፤ ከስፒከሩ የሱዳን ዘፈን ይወጣል፣ ሲሰለቻቸው አጥፍተው በከበሮ ራሳቸው ይዘፍናሉ። መጂዳ ኒሙ ሥር ተቀምጣ ሁለት እጇን ዘረጋች።

በግራ እጇ ላይ መጀመሪያ ያመጣችው የስልኩ ሥዕል እንዲሠራላት ፈለገች። «የለፋሁበት ነው» አለች ዳግመኛ፤ ሳቢራም በዚህ ጊዜ ስልኩን ትራስ ላይ አስደግፋ መሥራት ጀመረች። ትርጉም የሌለውን ጽሑፍ መሰል ነገር አስቀረችው። የትም የማይደርሰውን መስመር የሚደርስበት ቦታ ሰጠችው። ከጣቶቹ ጫፍ አካባቢ ግን እጇን ገታ አድርጋ ስልኩን አየችው። ነጥቦቹ ወደ ጥፍሩ ሲጠጉ እየራቁ፣ እያነሱ ሄደው ይጠፋሉ፤ ከእጅ ላይ የሚፈስ ሰሊጥ ይመስላሉ። በዚህ ሁሉ ዓመት ሂና ስትሠራ ይኸ መጥቶላት አያውቅም። ጣት ጫፍ ሁልጊዜ ይሞላል፤ ዋሲላም እንዲሁ ነበር የምታደርገው።

«ይኸን አንቺ ነሽ የነገርሽው?»

«አይደለም፤ ራሱ ነው ያመጣው። እኔም የወደድሁት ሲያመጣው ነው።»

«ጥሩ ነው» አለች ሳቢራ፤ እንዳለ ሠራችው።

ቀኙ እጅ ላይ ስትደርስ ግን ተቸገረች። ሐጂ እንደነገሯት ጠማማ ሐረግ ልትሠራ ሞከረች። እጇ አልታዘዝ አላት። ልታጣምም ብላ የጀመረችው መስመር መሀሉ ላይ ሲደርስ ራሱ ይቃናል፤ አውቃ ስትሰብረው ደግሞ የተሰበረው ቦታ እንኳ ያምራል። ጠርጋ ጀመረች። እንደገና ጠረገች። ሴቶቹ መዝፈን ትተው ዙሪያዋን ከበቡ።

«አልቻልሁም» አለች ሳቢራ፤ ይኸን ቃል ሥራ ላይ ሆና ተናግራው አታውቅም። ሂና የተሞላባትን ሾጣጣ ላስቲክ ለመጂዳ ዘረጋችላት። «ራስሽ ሥሪው።»

«እኔ? ጣሪያ የሚንጋደድብኝ ሰው?»

«አባትሽ የሠራሽው አንቺ ነሽ አላሉም?»

የመጂዳ ግራ እጅ ገና አልደረቀም ነበር። ሆኖም በሁለት ጣቷ ብቻ ላስቲኳን ያዘች፤ የበሽር ታናሽ እህት ክርኗን ደገፈችላት። ካውራ ጣቷ ሥር ጀመረች። ሂናው መጀመሪያ አልወጣም፣ ቀጥሎ አለልክ ወጣ፣ አንድ ቦታ ላይ እንደ ጠብታ ተጠራቀመ። መስመሩ ወደ ቀኝ ሄደ፣ ደንግጣ ወደ ግራ መለሰችው፤ አንጓዋ ላይ ሲደርስ አለቀ። ሴቶቹ እየሣቁ አጨበጨቡላት።

ሳቢራ ላስቲኳን ተቀብላ መስመሩን ለብዙ ጊዜ አየችው። ከዚያ በስተጎኑ ፍሬዎቹን ትሠራ ጀመር። መስመሩ የተንጋደደበት ላይ ፍሬው ወደ ውጭ ያዘነብላል፤ የተጠራቀመው ጠብታ ላይ አበባ አወጣችበት። ሠርታ ስትጨርስ የኩብራን ይምሰል አይምሰል የሚያውቅ ሰው ግቢው ውስጥ አልነበረም። ሐጂ አብዱረሕማን ማምሻውን ልጃቸውን ሊወስዱ መጥተው በር ላይ ሲቆሙ፣ መጂዳ ቀኝ እጇን ገልጣ አሳየቻቸው። ሳይነኩት ጎንበስ ብለው አዩት።

«የእሷ ከዚህ ቀጠን ይል ነበር» አሉ። እንዲህ ብለው ግን ከልጃቸው እጅ ላይ ዓይናቸውን አላነሡም። መኪናው ውስጥ ሲገቡም አባትየው ስለ አንድ ሌላ ዒድ እያወሩላት እንደነበሩ ሳቢራ በኋላ ከመጂዳ ሰማች።

መጂዳ ወደ አብርሃ ጅራ ከመሄዷ በፊት ለሳቢራ ስልክ ላይ ያንኑ ፕሮግራም ጫነችላት። በድምፅ እንዴት እንደምታናግረው አሳየቻት። ሳቢራ መጀመሪያ ላይ የተጠቀመችበት የምትሰበስበውን የሂና ቅጠል ስለበላው ነፍሳት ለመጠየቅ ነው፤ የነገራት ግማሹ ረዳት። ከዚያ ግቢዋ ደጃፍ ላይ የምትሰቅለውን ማስታወቂያ በአማርኛና በዐረብኛ አስጻፈችው። አንድ ቀን ብቻዋን ስትሆን ሐጃ ዋሲላ የት እንዳለች ጠየቀችው። እንደማያውቅ፣ እንዳዘነም ነገራት፤ ከጦርነት የሸሹ ሰዎችን የሚያፈላልጉ ድርጅቶች እንዳሉም አመለከታት። ሳቢራ ምክሩን ተቀብላ በማግስቱ ስደተኞች የሚመዘገቡበት ጣቢያ ድረስ ሄዳ የዋሲላን ስምና የልጇን ስም አስመዝግባ መጣች። እስካሁን የሰማችው የለም።

ሥራዋም ተለወጠ። ሙሽሮቹ ዛሬም ስልክ ይዘው ይመጣሉ፤ እንዲያውም በዝተዋል። ሳቢራ ግን ምስሉን ከማየቷ በፊት ለስልኩ የነገሩትን ትጠይቃቸዋለች። አንዳንዷ «የሚያምር ሂና አልሁት» ትልና ሌላ የምትጨምረው የላትም፤ ለእሷ ሳቢራ የራሷን ትሠራላታለች። አንዳንዷ ግን ታፍርና፣ ትንሽ ቆይታ ማውራት ትጀምራለች። ከሳንጃ የመጣች አንዲት ልጅ ወንድሟ የሚያረባቸውን ርግቦች ነግራው ነበር፤ ሳቢራ ስለ ወንድሟ ስትጠይቃት ውላ ሂናው ሳይጀመር መሸ። በማግስቱ ተመልሳ መጣች። ጣት ጫፍ ላይ የሚፈሰውን ሰሊጥ ደግሞ ሳቢራ ለብዙዎች ሠርታዋለች፤ ሌሎች ሂና ሠሪዎችም ወስደውታል። ከየት እንዳመጣችው ሲጠይቋት የመጂዳ ነው ትላለች፤ ከዚያ በላይ ማስረዳት ይደክማታል።

ክረምቱ ገብቶ የአብርሃ ጅራ መንገድ በጭቃ በተያዘ ጊዜ ከመጂዳ መልእክት መጣ። የእግር ፎቶ ነበር። የራሷ ቀኝ እግር ነው፤ ከቁርጭምጭሚቱ ወደ ታች በሂና የተሠራበት። በእጇ የሠራችው ነው፤ በሽር ሱቅ ሲውል ቤት ቁጭ ብላ እየተለማመደች ነበር። ከሥሩ በድምፅ እንዲህ አለች፦

«እትየ ሳቢራ፣ ሐሳቡን ከስልኩ ጋር ሆነን ነው ያወጣነው፣ የሠራሁት ግን እኔ ነኝ። ለስልኩ አሳየሁት። ድንቅ ነው፣ ተሰጥዖ አለሽ አለኝ። አንቱስ ምን ይላሉ?»

ሳቢራ ፎቶውን አስፍታ አየችው። መስመሩ አንድ ቦታ ወፍራም፣ አንድ ቦታ እንደ ክር ቀጭን ነው። ቅጠሎቹ እኩል አይደሉም። ተረከዙ አጠገብ ስትደርስ ደክሟት እንደነበር ያስታውቃል። መካከሉ ላይ ያለችው አንዲት ጠመዝማዛ ግን በአንድ ትንፋሽ የተሠራች፣ ሕይወት ያላት ናት። ሳቢራ የድምፅ መቅጃውን ተጭና ስልኩን ወደ አፏ አስጠጋች።

«መጂዳ፣ ጠማማ ነው» አለች። «ላስቲኩን ከላይ አርቀሽ ነው የያዝሽው፤ ወደ ቆዳሽ አስጠጊው። ሂናውንም አቅጥነሽዋል፤ ሲቦካ ጥቂት ሎሚ ብቻ ይበቃዋል። ከቅጠሉ ሦስተኛዋን እያት፣ እሷን ስትሠሪ አልቸኮልሽም። መሀል ላይ ያለችው ጠመዝማዛ ደህና ናት። እሷን ብቻ ደጋግመሽ ሥሪና ላኪልኝ።»

ላከችላትና ጣሪያዋ ላይ የሚወርደውን ዝናብ እያዳመጠች መልሱን ጠበቀች። ኔትወርኩ ሲመጣ የመጂዳ ሣቅ ደረሳት፤ ቀጥሎም ሌላ የእግር ፎቶ፣ የግራው።